ምደባው የመንግሥት፣ መንገዱ የእግዜር? እስከ መቼ!

ወገን፣ እስቲ ልጠይቅህ። «ደራ ላይ ሰው ተገደለ» የሚል ፖስት ስታይ፣ ሼር ከማድረግህ በፊት «የትኛው ደራ?» ብለህ ታውቃለህ?

ሦስት ደራ አለ። አንዱ በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ፣ ጉንዶ መስቀል ያለበት ነው። ሌላው ደቡብ ጎንደር ነው። ሦስተኛው የኛው፣ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትሄድ የምታገኘው የአርሲው ደራ ነው። ኅዳር 2017 ከሰሜን ሸዋው ደራ የወጣው ያ ዘግናኝ ቪዲዮ አገሩን ሲያስለቅስ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ስልኩ ሁሉ «ተርፋችኋል? አትውጡ፣ እኛም አንመጣም» ሆነ። የዚያ ደራ ልጅ ወንድማችን ነው፤ ደሙ ደማችን ነው። «እኛ ጋ አይደለም» ብለን እፎይ የምንልበት ነገር የለም። ግን ጥቃቱ የት እንደተፈጸመ እንኳ ሳያጣራ ጉዞ የሚሰርዝና የሚያሰርዝ ሰው ለሞተውም አልጠቀመ፣ ለሚጓዘውም አልጠቀመ።

ጥቃት በተሰማ ማግስት በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልሂድ ወይስ ልቅር? ያን ጊዜ ሦስት ዓይነት መካሪ ይነሳብሃል።

የመጀመሪያው የፌስቡክ ጀግና ነው። «ወንድ ልጅ አይፈራም፣ ሂድ!» ይልሃል። እሱ ራሱ ከሶፋው አይነሳም፤ ከተነሳም በአውሮፕላን ነው። ሁለተኛው ሟርተኛው ነው። የድሮ ፎቶ ቆፍሮ ያወጣና «አሁን የደረሰን መረጃ! መንገዱ ተዘግቷል!» ብሎ ይለጥፋል፤ ላይኩን ለቃቅሞ ይተኛል። ሦስተኛው ባለሥልጣኑ ነው። «አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ ተመልሷል» ብሎ መግለጫ ይሰጣል። እሱ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ከፊትና ከኋላ ታጅቦ ነው።

ሦስቱ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሦስቱም ሸክሙን አንተ ላይ ጥለው ነው የሚሄዱት። ሄደህ ብትታገት «ማን ሂድ አለው?» ትባላለህ። ብትቀር «ፈሪ፣ የእናቱን ጓዳ የሚጠብቅ» ትባላለህ። በሁለቱም በኩል ጥፋተኛው አንተ ነህ!

እኔ የምለው አጭር ነው፦ ይህ ጥያቄ ካንተ ጫንቃ መውረድ አለበት። ወዴት እንደምትሄድ የወሰነልህ አካል መንገዱንም ይጠብቅልህ።

ምን ማለቴ ነው? አስበው። ማትሪክ ያለፈ ልጅ የት ሄዶ እንደሚማር የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምርጫህን ትሞላለህ እንጂ የመጨረሻው ቃል ያንተ አይደለም። የአርሲው ልጅ ጎንደር፣ የጎጃሙ ልጅ ወለጋ፣ የወላይታው ልጅ ጅግጅጋ ይመደባል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ አገር የሚተዋወቀው እንዲህ ነው። ግን ምደባው ላይ ማኅተም የመታው መንግሥት አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ የት አለ? እናትህ ናት ስለት የምትሳለው። ምደባው የመንግሥት፣ መንገዱ የእግዜር ሆኖ ቀረ!

ኅዳር 2012 የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ታገቱ። ጥር ላይ መንግሥት «21 ተማሪዎች ተለቀዋል» አለ። ወላጆች ግን ልጆቻችንን አላየንም፣ ድምፃቸውንም አልሰማንም አሉ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተያዙ። ከ100 በላይ ሰው ተወሰደ። የክልሉ መንግሥት ከ167ቱ 160ው ነጻ ወጥተዋል አለ። ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻችን አሁንም በአጋቾች እጅ ናቸው፣ ገንዘብ እየተጠየቀብን ነው ብለው ለጋዜጠኞች ተናገሩ።

አየኸው? አራት ዓመት ተኩል አልፎ ያው ታሪክ ተደገመ። ያው መግለጫ፣ ያው ለቅሶ። በመካከሉ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2013፣ የተወካዮች ምክር ቤት ሸኔን «አሸባሪ» ብሎ ሰይሟል። እሺ፣ ተሰየመ። ከዚያስ? ስም ማውጣት መንገድ አይከፍትም።

«አቅም የለም» እንዳትለኝ። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ሲወረወር 2 ሰዎች ሞቱ፣ ከ150 በላይ ቆሰሉ። ያኔ አምቡላንስ ደረሰ፣ የተጎዳው ሰው ቁጥር ተነገረ፣ ተጠርጣሪዎች ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ልክ ነው፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት! ታዲያ አደባባይ ላይ ለቆሰለው የተደረገው፣ አውቶቡስ ውስጥ ለታገተው የገበሬ ልጅ ለምን አይደረግም? ስንት ሰው ታገተ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱ ቀረ የሚለውን ቁጥር እንኳ ለምን ተከራክረን እናጣዋለን?

እኛም እዚህ «የአዳማ መስመር ሰላም ነው» ብለን የምንኩራራበት ጊዜ አይደለም። ኅዳር 2016 በዚሁ በአርሲ ዞን፣ ሽርካ ወረዳ፣ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ሹፌሮች ታግተዋል። ያ መንገድ የጅቡቲ ዕቃ የሚገባበት የአገሪቱ ጉሮሮ ነው። ዛሬ አንዲት የደሴ እናት «ልጄን አዳማ ዩኒቨርሲቲ ልላክ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ብትጨነቅ ምን ትላታለህ? ፈሪ ትላታለህ?

ደግሞ መቅረትም ዋጋ አለው። ይህን እንደኛ ዲግሪ ይዞ የተቀመጠ ያውቀዋል። ማስታወቂያው ምን ይላል? «ዋናውንና ኮፒውን በመያዝ በአካል ቀርባችሁ ተመዝገቡ።» ለምዝገባ አንድ ጊዜ፣ ለፈተና ሁለተኛ፣ ለቃለ መጠይቅ ሦስተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ትሄዳለህ። ከደራ አዳማ በሚኒባስ፣ ከአዳማ ደግሞ በፈጣኑ መንገድ፤ እኛ በዚህ እድለኞች ነን። ከነቀምት፣ ከፍቼ፣ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣውን ግን አስበው! መንገድ ፈርቶ ቤቱ የቀረ ልጅ «አመልካች አልቀረበም» ተብሎ ይሰረዛል። ለጥቂት ወረቀት ማስረከቢያ ሰው ነፍሱን እንዲያስይዝ የሚያደርግ አሠራር ምን ይባላል? ስልክ በእጃችን፣ ቅርንጫፍ በየከተማው እያለ!

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን አይታዋለች። በፈረንጆቹ ኅዳር 2014 ከማንዴራ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አልሸባብ ሙስሊም ያልሆኑትን ለይቶ 28 ሰዎች ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለዕረፍት ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መምህራን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከሌላ አካባቢ የሄዱት መምህራን አንመለስም አሉ። የሚያስደንቀኝ ግን ፍርሃታቸውን ይዘው እቤታቸው አለመደበቃቸው ነው። ናይሮቢ የመምህራን ኮሚሽኑ ደጃፍ ላይ ተሰብስበው «የላካችሁን እናንተ ናችሁ፤ ወይ ጠብቁን፣ ወይ አዛውሩን» ነው ያሉት። የየግላቸውን ጭንቀት የጋራ ጥያቄ አደረጉት። በእርግጥ የማንዴራ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ቀርተዋል፤ ያ የሚያሳዝን ነው። ግን የሕፃናቱ ዕዳ መንገዱን ያልጠበቀው ነው እንጂ የፈራው መምህር አይደለም።

በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 2015፣ እዚያው ማንዴራ ሌላ አውቶቡስ ተያዘ። ታጣቂዎቹ «ሙስሊምና ክርስቲያን ተለያዩ» ሲሉ ሙስሊሞቹ መንገደኞች አንለይም አሉ። ክርስቲያኖቹን ሸፈኗቸው። ከመካከላቸው አንድ መምህር በጥይት ተመትቶ በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ወገኔ፣ መታወቂያ እየታየ ሰው በሚወርድበት አገር ይህን ታሪክ ደጋግመህ አንብበው። አጋች የሚፈልገው ገንዘብህን ብቻ አይደለም፤ አጠገብህ የተቀመጠውን በጥርጣሬ እንድታየው ነው። ከጥቃት በኋላ «የእነ እገሌ ብሔር» እያልክ ኮሜንት ስትጽፍ ያለ ደመወዝ ሠራህለት።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

የሚጓዘውን አትኩራበት፣ የቀረውንም አትሳቅበት። ሁለቱም የሚያውቁት የራሳቸው ቤት ጉዳይ አላቸው። የፈራች እህትህን «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ብለህ አትሸኛት፤ ምንም እንደሌለ በምን አወቅህ? ይልቅ በዚያ መስመር በዚያው ቀን የተመላለሰ ሹፌር ፈልገህ ደውል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የትኛው ደራ እንደሆነ ሳታውቅ ሼር አታድርግ። መንገድ ላይ ያለ ሰው አውቶቡሱ የት እንደደረሰ በቲክቶክ ላይቭ አያሳይ፤ ለቤተሰቡ ብቻ ይንገር። በማታ መጓዝ ይቅር፤ ሌላ መኪና ሲጠፋም መናኸሪያ ማደር ይሻላል።

ይህ ግን ራስን ማዳን ነው፤ መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው ጥያቄያችንን ወደሚመለከተው አካል መመለስ ነው። ጥያቄው ደግሞ ብዙ አይደለም፦

የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ በየቀኑ እውነቱ ይነገረን። «ሰላም ነው» የሚል ባለሥልጣን በዚያ መስመር በሕዝብ አውቶቡስ ያለ አጃቢ ተጉዞ ያሳየን።

ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪ ሲመድብ፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲያሰናብት፣ ልጆቹ እቤታቸው እስኪደርሱ ኃላፊነቱ ይቀጥል። መድረስ የማይቻልበት ቦታ ከሆነ አይመድብ።

የሥራ ምዝገባና ፈተና አመልካቹ ባለበት ከተማ ይሁን።

የታገቱት ቁጥር ከቤተሰብ ጋር ተመሳክሮ ይገለጽ። ያልተመለሰ ሰው «ተለቋል» አይባል።

ይህን ስንጠይቅ «ተስፋ አስቆራጭ» ይሉን ይሆናል። ይበሉን። ተስፋ የቆረጠስ ዝም ብሎ ቲኬቱን ቆርጦ፣ አማትቦ ወይ ዱዓ አድርጎ የሚሳፈረው ነው፤ ከማንም ምንም አይጠብቅማ! እኛ ግን እንጠብቃለን። ከአዳማ ጎንደር፣ ከጎንደር ነቀምት፣ ከነቀምት ሐረር በሰላም ወጥቶ መግባት ስጦታ አይደለም፤ የዜግነት መብት ነው።

እና ወንድሜ፣ እህቴ፣ ነገ ሻንጣ ይዘሽ በር ላይ ስትቆሚ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ብቻሽን አትጨነቂ። ጥያቄው «መንገዱን የሚጠብቀው ማነው?» ነው። መልስ እስኪመጣ ድረስ አብረን፣ ጮክ ብለን እንጠይቅ!