ቤቱ ሰፋብኝ

አምባሰል ገጠር ውስጥ ቄስ ሲያልፍ ዝም ብሎ የሚያሳልፈው የለም። አራሹ በሬውን አቁሞ፣ ውኃ ቀጂዋ እንስራዋን አውርዳ «ይፍቱኝ አባ» ይላሉ፤ እሱም መስቀሉን አውጥቶ ግንባርና ከንፈር ያስነካል። እኔ ከውጫሌ በላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ያደግሁ የቄስ ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ከአባቴ ኋላ ኋላ ገበያ ስንወርድ ግማሽ ቀን የሚፈጅብን መንገዱ ርቆ ሳይሆን «ይፍቱኝ» በዝቶብን ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ሰው እንኳ «አንቱስ አባ፣ እንዴት ከረሙ?» ብሎ መልሱን ቆሞ ሲጠብቅ አላየሁም።

እናቴ በ2001 ዓ.ም. ሞተች። ቄስ ሚስቱ ሞታ ሁለተኛ ካገባ ክህነቱ ይቀራል፤ ስለዚህ አባቴ በቀብሩ ዕለት ሚስቱን ብቻ አይደለም የተሰናበተው፣ እስከ ዕድሜው ማለቂያ ብቻውን እንደሚያድርም ያን ዕለት ተቆርጦለታል። በሦስተኛው ቀን መቅደስ ገባ። ምን ያድርግ? ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ ደብራችን የነበራት ሁለት ቄስ ብቻ ነው። አንዱ ቢታመም ወይም ሐዘን ቢጥለው ቅዳሴው ይታጎላል። የገጠር ቄስ የመታመም ፈቃድ የለውም የምለው ለማጋነን አይደለም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ደጀ ሰላም ማደር ጀመረ። ቤት የሚመጣው ልብስ ሊቀይር ነው። የሰፈሩ ሰው «ጸሎት አበዙ፣ መመንኮሳቸው ነው» አለ። እኔም፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ኩራት ተሰማኝ። ከማስተምርበት ከሐይቅ ከተማ በየወሩ እየወጣሁ ጋቢውን አጥብለት ነበር፤ ዕጣንና የመሬት እርጥበት ይሸታል። «አባ በረቱ» እያልኩ ነበር የማጥበው።

ምን እንደሆነ የጠየቀው ጎረቤታችን ሼሁ ነው፣ የቅሬያችን፣ ማለትም የዕድራችን፣ ዳኛ። (ወሎዬ ስለሆንኩ ለጌጥ ያስገባሁት እንዳይመስላችሁ፤ የሆነው ይኸው ነው።) አንድ ማታ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ «አባ፣ ቤትዎ ጠበበብዎ እንዴ?» አለው። አባቴ ስኒውን መሬት አስቀመጠና፣ «ሰፋብኝ እንጂ» አለ። ከዚያ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ለካ ሁላችንም ቅድስና ያልነው ነገር ቤቱ መግባት ያቃተው ሰው ነበር።

የነፍስ አባት የሰማውን ለማንም አይናገርም። ባልና ሚስት የተጣሉበትን፣ ወንድም በወንድሙ ላይ የቋጠረውን ቂም፣ ልጅ የደበቀችውን፣ ሁሉን ይዞ ይተኛል። እሱስ ለማን ይናገር? ሥርዓቱ ለዚህ መልስ አለው፤ ካህንም የንስሐ አባት ይኖረዋል። በኋላ ጠይቄው ነበር። «የአንቱስ ንስሐ አባት ማን ናቸው?» ስለው፣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ እንደነበሩና ካረፉ አራት ዓመት እንዳለፋቸው ነገረኝ። ሌላ ለመያዝ የአንድ ቀን መንገድ መሄድ አለበት። «ስሄድ ማን ይቀድስልኛል?» አለኝ።

ከምኖርበት ከተማ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅርብ ነው። ሴት ስለማይገባበት እኔ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው የማውቀው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ስንቱን መነኩሴ ያስተማረው ኢየሱስ ሞዓ ራሱ የደብረ ዳሞው የአባ ዮሐኒ ተማሪ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ከእሱ ዘንድ ተማረ። የደብረ ሊባኖሱ ገድል፣ ተክለ ሃይማኖት ከዳሞ ሲመለስ መምህሩ ኢየሱስ ሞዓ ቆብና አስኬማ ከተማሪው እጅ ተቀበለ ይላል። የሐይቅ ወገን ይህን አይቀበልም፣ ክርክሩን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በሁለቱም ወገን ትረካ ውስጥ አባት የሌለው አባት የለም።

«ካህን በእግዚአብሔር ይጸናል፣ ጭንቀት የእምነት ማነስ ነው» የሚሉኝ አሉ። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልሰበከለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንደገናም እንዲተኛ ተወው።

የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ወደዚህ አካባቢ ሲደርስ ቀብሩንም ማጽናናቱንም የያዙት ካህናት ናቸው። ነገሩ ከበረደ በኋላ እኛን መምህራንን ሁለት ቀን ሰብስበው ስለ ጭንቀት አስተማሩን፣ ጠቀመንም። ከአጠገባችን ካለው ደብር ግን አንድ ቄስ አልተጠራም። የመስጊዱ ኢማምም አልተጠሩም።

ቄሱን ማሰብ የእኛም የምእመናኑ ድርሻ ነው። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ ደንብ የተቋቋመው ምእመናን ከካህናቱ ጋር ሆነው ደብራቸውን እንዲያስተዳድሩ ነው። በ1967 የደብር መሬት በአዋጅ ከተወሰደ ወዲህ ደግሞ የገጠር ቄስ ኑሮ በማረሻውና በምእመኑ እጅ ላይ ነው። እኛ ግን ስብሰባችን ሁሉ ስለ ጣራ ቆርቆሮ ሆነ። የቄሱ የጤና መድን መዋጮ ተከፍሎ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሱባኤ እንኳ የእኛ ብቻ ሆኗል። በፍልሰታ እኛ ሥራ ትተን ስናስቀድስ እሱ በየቀኑ ይቀድሳል፤ እኛ የምናርፍበት ጾም ለእሱ ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ነው።

መፍትሔው ገንዘብ እንኳ ብዙ አይጠይቅም። አጎራባች ደብሮች ተስማምተው አንድ ቄስ ቢዋዋሱ አንደኛው ሰባት ቀን ወጥቶ ገዳም ይገባል፣ የንስሐ አባቱን ያገኛል፣ እንቅልፉን ይተኛል። ሰባቱ ቀን ሲሞላ ሌላው ይወጣል። እርሻውን ደግሞ ቅሬው በደቦ ይይዝለት፤ ለቀብር የሚሰበሰብ ጉልበት ለዚህ አያንስም።

ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል። ያኔ ዘሩ ገብቷል፣ አጨዳው ገና ነው። ከ17 ጀምሮ ያለውን አንድ ሳምንት ለቄሳችሁ ስጡት።