ወንድምሽን አትከልክዪው፣ ውኃውን ቀይሪለት!

የዛሬዋ ጠያቂያችን የ24 ዓመት የሽንዲ ልጅ ናት። እንዲህ ትላለች፦ “ታናሽ ወንድሜ በስልኩ ፈረንጆች ካያክ ሲቀዝፉ አይቶ፣ ‘ለፋሲካ ቤተሰቡ ሁሉ አባይ በረሃ ወርደን እንቅዘፍ’ ብሎ ተነስቷል። አባዬ ተቆጣ፣ እማዬ ታለቅሳለች። እሱ ደግሞ ‘እናንተ ካልመጣችሁ ከጓደኞቼ ጋር እሄዳለሁ’ ብሎ አኩርፏል። ማንን ልደግፍ?”

እህቴ፣ በቦታው አባትሽን፣ በሐሳቡ ወንድምሽን ደግፊ!

አባትሽ ፈሪ ስለሆኑ አይደለም የተቆጡት። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ቡድን አባይን ሊወርድ መጥቶ አንድ ባልደረባውን ውኃ ወስዶበታል። ያውም ከነጀልባው፣ ከነገመዱ የመጣ ቡድን ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት አሜሪካውያን ከዚያችው ከሰከላ ከግሽ አባይ ተነስተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል። ግን የሙያው ሰዎች ናቸው። በረሃው ውስጥ ፏፏቴ አለ፣ አዞ አለ፤ ጀልባ ቢገለበጥ ገደሉን ወጥቶ ማን ይደርስላችኋል?

ወንድምሽም ቢሆን እብድ አይደለም። እስቲ ልጠይቅሽ፣ ቤተሰባችሁ ለቅሶና ሠርግ ካልጠራው በቀር አንድ ላይ መንገድ የወጣው መቼ ነው? የልጁ ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጋችሁ ባሕር ዳር ግቡ። አባይ ከጣና የሚወጣው እዚያ ነው፤ ውኃው ገና አልተቆጣም። በሞተር ጀልባ ደብረ ማርያምንና ጉማሬውን ከሩቅ ታያላችሁ። ፍርስራሽ ካማራችሁም ጣናን ተሻግሮ ጎርጎራ አካባቢ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ማርያም ግምብ አለ። እሱ ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ነውና ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ያዢ፦

* ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ሹፌሮችን ሳትጠይቁ አትነሱ። ካልሆነ ይቅር፣ ጣና የትም አይሄድም።
* ጠዋት ተሳፈሩ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ይነሳል።
* ዋጋውን መሬት ላይ ተስማሙ፤ መሐል ውኃ ላይ ክርክር አያምርም።
* የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሁሉም! “እኔ ዋና እችላለሁ” የሚል ጎረምሳም ይልበስ። ጃኬት የሌለው ጀልባ ውስጥ አትግቡ።
* ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። እናትሽ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ወንዶቹን ከሚጠብቁ፣ ሁላችሁም የምትገቡበትን ምረጡ፤ ለምሳሌ ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን።

አሁን ዋናው ነገር አነጋገርሽ ነው። በሰው ፊት “አባዬ ልክ ነው” ብለሽ አታሳፍሪው። ለብቻው ጥሪውና “መሪያችን አንተ ነህ፤ ባለጀልባውን አንተ አነጋግር፣ ጃኬቱን አንተ ቁጠር” በይው። እምቢ ብትይው አኩርፎ በረሃ የሚወርደው ያው ልጅ፣ የእናቱን ጃኬት የማሰር ኃላፊነት ከተሰጠው ከሁላችሁም በላይ ጠንቃቃ ይሆናል።

ለአባትሽም አንድ ቃል አድርሺልኝ፦ አባይን የሚያውቅ ሰው ልጁን ከውኃው ለመከልከል ብቻ ሳይሆን አብሮት ለመሳፈርም ይሻላል።

መልካም ጉዞ!