ያለ ሪፈር ወደ ፊዚዮቴራፒ፦ በሩ የሚከፈተው በምን ዋስትና ነው?

ወገቡን የታመመ ወይም ክንዱ አልነሳ ያለው ሰው ወጌሻ ዘንድ ለመሄድ የማንንም ደብዳቤ አይፈልግም። በዩኒቨርሲቲ ሠልጥኖና የሙያ ፈቃድ ተሰጥቶት ወደሚሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለመድረስ ግን፣ በመንግሥት የጤና ተቋማት ባለው የተለመደ አሠራር፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን የቅብብሎሽ መስመር ተከትሎ በሐኪም መላክ ይጠበቅበታል። ስብራት በጥብቅ ታስሮ ደም መዘዋወር ሲያቅተው እጅና እግር እስከ መቆረጥ የሚደርስባቸው አጋጣሚዎች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የታወቁ በመሆናቸው፣ ክፍተቱ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ክፍተት መፍትሔ ሆኖ የሚነሳው ቀጥታ ተደራሽነት፣ ማለትም ታካሚው ያለ ሪፈር ወረቀት በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተመርምሮ ሕክምና የሚጀምርበት አሠራር ነው። በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት ይህን እ.ኤ.አ. በ1957 የፈቀደች ሲሆን፣ ከ2015 ጀምሮ ሃምሳውም ግዛቶች በየራሳቸው ገደብ ይሠሩበታል። አውስትራሊያ ውስጥም ከ1976 ወዲህ ባለሙያዎች ሪፈር ሳይጠብቁ ታካሚ ይቀበላሉ።

ከፈቃዱ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ገደቡ ነው። በኒውዮርክ ያለ ሪፈር የሚሰጠው ሕክምና 10 ጊዜ ወይም 30 ቀን፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚሞላው ድረስ ብቻ ነው። ቴክሳስ በ2019 ባወጣችው ሕግ ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪ የሌለው ባለሙያ በዚህ መንገድ ለማከም ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን በሽታዎች ስለ መለየት ቢያንስ 30 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መከታተል አለበት። ሕግ አውጪዎቹ በሩን የከፈቱት ከባለሙያው ቀጣይ ትምህርት ጋር አያይዘው ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብዛኛው የወገብ ሕመም በእንቅስቃሴና በአካል ብቃት ሕክምና የሚሻሻል ቢሆንም፣ አንዳንዱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ቲቢ የኅብረተሰብ ጤና ችግር በሆነባት ኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም። የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያለበትን ታካሚ ሳይጠይቅ ማሸት የጀመረ ባለሙያ መድኃኒት የሚጀመርበትን ጊዜ ያዘገያል፤ መዘግየቱም እስከ ሽባነት ሊያደርስ ይችላል። ሪፈር ወረቀቱ ሲቀር ይህን የመለየት ኃላፊነት በመጀመሪያው መርማሪ ላይ ይወድቃል።

በኢትዮጵያ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ከጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር ተያይዟል። መሠረቱ ትክክለኛ ነው። ሆኖም የእድሳት ቀን ሲቃረብ በተገኘው ርዕስ ሰዓት መሙላት ለታካሚው የሚጨምረው ነገር የለም። ቀጥታ ተደራሽነት የሚታሰብ ከሆነ፣ ሥልጠናው በሰዓት ብዛት ብቻ ሳይሆን አደገኛ ምልክቶችን በመለየትና ታካሚን በጊዜ ወደ ሐኪም በመላክ ችሎታ መመዘን ይኖርበታል።

የክፍያው ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። በአሜሪካ የግዛት ሕግ ቢፈቅድም፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድን የሕክምና ዕቅዱ በሐኪም እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚሠራው የቅብብሎሽ ሥርዓቱን ተከትሎ በመሆኑ፣ አባላት በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ተቋም ከመሄዳቸው በፊት መጀመሪያ የሚታከሙበትን ጤና ጣቢያ ቢጠይቁ ካልታሰበ ወጪ ይድናሉ።

ተገልጋዮች በግል የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ሲገለገሉ የባለሙያውን የታደሰ የሙያ ፈቃድ ለማየት መጠየቅ ይችላሉ፤ ጥያቄው እንደ ድፍረት የሚቆጠር አይደለም። የወገብ ሕመሙ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ከማቃት፣ በብልት አካባቢ ከመደንዘዝ ወይም እግር በድንገት ከመዛል ጋር ከመጣ ግን፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ለድንገተኛ ሕመም የሪፈር ወረቀት አይጠበቅም።