ጭነት ማሰር ረሳን እንዴ?

በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ስንመላለስ የኖርን ሰዎች፣ ልጆቻችን «በብስክሌት ሄደን አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድረን እንምጣ» ሲሉን የምንሰጣቸው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሾቻችን «ብስክሌት የቸገረው ሰው ነው፤ መኪና እያለ ምን ሆናችሁ?» ብለን እንከለክላለን። የቀረነው ደግሞ ገንዘብ ሰጥተን ወደ ሱቅ እንሰዳቸዋለን፤ ብስክሌቱ ከተገዛበት ዋጋ የሚበልጥ የጎን ቦርሳና መጫኛ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። የመጀመሪያው ከንቱ ኩራት ነው፤ ሁለተኛው ግን ልጅ ያስጎዳል፣ አስጎድቶናልም።

የእህታችን ልጅ ባለፈው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ሄልስ ጌት ሊያድር ወጣ። ናይቫሻ አጠገብ ያለው ፓርክ ነው፤ በኬንያ ውስጥ በብስክሌት መግባት ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ስለሆነ ልጆቹ ይወዱታል። ቦርሳው ውድ ነበር። ቀላሉን ልብስና መኝታ ግን ታች ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ ውሃውን፣ ድስቱንና የታሸገውን ምግብ ከመጫኛው አናት ላይ ቆልሎታል። በሐይቁ ዳር በሚሄደው አስፋልት ላይ አንድ የጭነት መኪና በፍጥነት ሲያልፈው ነፋሱ ገፋው፣ መሪው ተርገፈገፈ፣ ልጁ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ። ተመስገን ነው፣ የወደቀው ወደ ሣሩ ነው እንጂ ወደ መኪናው ጎማ አይደለም። አባቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱን ዕቃ ቤት ቆልፎበታል፤ «ብስክሌት ልጄን ሊገድለው ነበር» ይላል።

ወንድማችን ሆይ፣ ልጁን የጣለው ብስክሌቱ አይደለም። አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ገና ከበር ላይ ያየው ነበር። እኛ ግን አላየንም፤ የቦርሳውን ዋጋ ስንጠይቅ አስተሳሰሩን ሳንመለከት ሸኘነው።

ቡሲያ ኬላ ለንግድ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል። ቦዳ ቦዳ የሚለው ስም ራሱ እዚያ አካባቢ የተወለደው በሞተር አይደለም፤ ከኬንያ ኡጋንዳ ድንበር ሰውና ዕቃ ያሻግሩ ከነበሩ ብስክሌተኞች ነው። ብላክ ማምባ የሚሉት ያ ጥቁር ከባድ ብረት ብስክሌት ጆንያ የሚችለው በዘዴ ነው። የድሮዎቹ የፊት ቸርኬ 32 ሽቦ፣ የኋላው 40 ሽቦ አለው፤ ክብደቱ ኋላ እንደሚያርፍ የሠሪው ሰው ያውቅ ነበርና። የልጆቻችን ቀጭን ብስክሌት እንደዚያ አይደለም፤ ስለዚህ ጭነቱም ማነስ አለበት።

ውድ ቦርሳ አያስፈልግም ያልነው ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ሁለት ባለ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካን አናታቸውን ቆርጦ፣ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ከብረት መጫኛ ግራና ቀኝ ማሰር ይበቃል። መጫኛው ግን ጠንካራ ይሁን፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ፤ ካጠራጠራችሁ ከፌሮ አስበይዱለት። ጄሪካኑ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳብ፣ ካልሆነ ፔዳል ሲመታ ተረከዝ ይነካዋል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስድስት ሊትር የያዘ ልጅ ሦስቱን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ፣ ከታች ያስቀምጥ። ድስትና ምግብ በላዩ፣ መኝታና ልብስ ከሁሉም በላይ። ሁሉም በአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ይጠፈር፤ ገመድ መንገድ ላይ ይላላል፣ ላስቲክ ግን ጭነቱ ሲረግብ አብሮ ይሰበሰባል። የተረፈው ጫፍ እንዳይንጠለጠል፤ ቸርኬ ውስጥ ከገባ ጎማውን ያስረዋል።

ከዚያ በፊት ለፊታችሁ ግቢውን ሦስት ጊዜ ይዙርና ድንገት ፍሬን ይያዝ። ጭነቱ ከተንቀሳቀሰ ይፈታ፣ እንደገና ይታሰር። ልጁ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከከልካዮቹ ጋር እንስማማለን። ከናይሮቢ በማይ ማሂዩ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርደውን መንገድ ጭነት ይዞ በብስክሌት መውረድ አይገባም። ከባድ መኪና ይበዛበታል፤ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል፣ ሲግል አቅሙ ይቀንሳል። ብስክሌቱ ማታቱ ላይ ተጭኖ ናይቫሻ ይድረስ፣ ጉዞው ከዚያ ይጀመር። ይህ ፈሪነት አይደለም።

የእህታችን ልጅ ክንዱ ድኗል። አባቱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እስካሁን ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። ይስጠን። ጄሪካኖቹን ቆርጠን አዘጋጅተናል፤ ቅዳሜ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ እንመጣለን፣ እሱም መጥቶ አንዱን ወገን ይሰር።