ጽዋውን የሚረከብ ሰው ታጣ

በየወሩ በ12 የሚካኤል ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን። ባለፈው ወር ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ለባለተራ ሲሰጥ ባለተራው የለም። ስንደውል ስልኩ አይነሳም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ወንድማችን የሚደግስበት አጥቶ ነው የቀረው። (ይቅርታ ጠይቄው፣ አስፈቅጄው ነው የምጽፈው።)

ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት የማውቀው ማኅበር ድፎ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ነበር። ቄሱ ባርከው ይቆርሱና ከዚያው ከአንዱ ዳቦ ሁሉም ይደርሰዋል፤ የጎረቤት ልጅም፣ በር ላይ የቆመ ነዳይም። አሁን እኛ ጋ ክትፎ ካልቀረበ፣ ለስላሳ በሳጥን ካልተደረደረ የተዘከረ አይመስለንም። እኔም ተራዬን የተወጣሁት በብድር ነው፣ ምን እዋሻለሁ።

1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11ን እስቲ ከቁጥር 20 ጀምራችሁ አንብቡት። ለጌታ እራት ተሰብስበው አንዱ ጠግቦ ይሰክራል፣ ሌላው ይራባል። ጳውሎስ የተቆጣው የሌላቸውን ስላሳፈሩ ነው። እኛ ከምዕራፉ የምንፈራው «ሳይገባው» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ቆመን ስለ ጾማችን፣ ስለ ንስሐችን እንጨነቃለን፣ ደግም ነው። ግን ያ ማስጠንቀቂያ የመጣው ማዕድ ላይ ድሃ ከተዋረደ በኋላ መሆኑን ልብ ብለን እናውቃለን?

ለሙሴያችን ነግሬ ተስማምተናል። የሚመጣው 12 እሱ ቤት ነን፤ ዳቦና ጠላ ብቻ። ሌላ ነገር ይዞ የሚመጣ ካለ በር ላይ ላሉት ይስጥልን።