ስለ ሲጃራ ሽታና ስለ ልብስ አጠባበቅ

ትምባሆ የማይጠጣ ሰው እንኳ ከሚጠጡት ጋራ ጥቂት ሰዓት ሲቀመጥ ሽታውን በካባው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ እኛ የተቀመጥንበት ግን የወዳጅ ሳሎን ስለ ነበረ ጋባዣችንን «ደጅ ይውጡልን» ለማለት አፈርን። ማታ የሦስት ወር ልጃችንን ለማቀፍ እጃችንን ብንዘረጋ፥ ባለቤታችን «አስቀድሞ ካባው ይውለቅ» ብለው ከለከሉን።

ነገሩ ቢያስከፋንም እውነት ነበራቸው። ሽታው ባዶ አየር አይደለምና፤ ከጢሱ የወጣው ኒኮቲንና ሌላው መርዝ በክሩ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ጨርቁን የሚዳስስና የሚልስ ሕፃንም ይቀበለዋል። ዕጣን ማጠንና ሽቱ መርጨት በጢስ ላይ ጢስ መጨመር ነው።

ሸሚዝና ነጠላ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው። በአንድ ባልዲ ውሃ አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፥ ከዚያም በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል። አቼቶና በረኪና ግን ከቶ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ የሚያፍን መርዝ ይወጣል። የሱፍ ካባን ሙቅ ውሃ ያኮማትረዋልና አይዘፈዘፍም። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሁለት ቀን ይሰቀላል፤ ማታ ማታ ከጤዛ ይገባል፤ በመጨረሻም ቤኪንግ ሶዳ ተነስንሶበት አድሮ በቡርሽ ይራገፋል። ከዚህ በፊት ካውያ አይንካው፤ እኛ በመጀመሪያው ቀን ቸኩለን ብናስተኩሰው ሽታው እንደ ገና ተነሥቶ ቤቱን ሞላው።

በአራተኛው ቀን ባለቤታችን አንገትጌውን አሽትተው ሕፃኑን ሰጡን።