ተጠባባቂ ማለት ትርፍ ሰው ማለት አይደለም

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ታምራት ቶላ በፓሪስ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ አምቦ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ጩኸታችን ገና ሳይበርድ ከጎኔ የቆመ አንድ ሰው፣ «ይገርማል፤ ተጠባባቂ እኮ ነበር! ዕድል ሲቀናህ እንዲህ ነው» አለ። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው፣ ውድ አንባብያን፣ ያን ንቅነቃ መልሼ ለመውሰድ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህንኑ ቃል በየጨዋታው ስሰማው ኖሬአለሁ። «በሰው ቦታ ገብቶ»፣ «ባልታሰበ ዕድል»፣ «ሳይጠበቅ»። ተናጋሪዎቹ ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ያደነቁ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በአድናቆት መልክ የሚነገር ማሳነስ አለ። «ዕድለኛ ነው» ስንል ሰውየው ያደረገውን ከእጁ ወስደን ለማንም ላልሆነ ነገር እንሰጣለን። የድሉ ባለቤት ይጠፋል፤ የቀረው አጋጣሚ ብቻ ይሆናል።

እስቲ «ተጠባባቂ» የተባለው ሰው ማን እንደነበረ እንመልከት። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ነሐስ ያገኘ ሯጭ ነው። በ2017 በለንደኑ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ብር አገኘ። በ2022 ዩጂን ላይ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ፣ በሻምፒዮናው ክብረ ወሰን፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2023 ድልድይና ዳገት በሚበዛበት በኒውዮርክ ጎዳና 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ገብቶ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ «ሳይታሰብ» የተባለው። ያላሰበው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

ተጠባባቂ የሆነው እግሩ ስላነሰ አልነበረም፤ ወንበሩ ስላነሰ ነው። አንድ ሀገር ለኦሊምፒክ ማራቶን የምታሰልፈው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የመረጠቻቸው ሲሳይ ለማ፣ ቀነኒሳ በቀለና ዴሬሳ ገለታ ነበሩ። ሦስት ወንበር ባለበት ቤት አራተኛው ሰው ቢቆም፣ መቆሙ ስለ ወንበሩ ቁጥር እንጂ ስለ ሰውየው ምንም አይነግረንም። ከሩጫው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀር ሲሳይ በጉዳት ወጣ፤ ታምራት ገባ። ሁለት ሳምንት የአውሮፕላን ትኬት ለመቁረጥ ይበቃል፤ ማራቶን ለመልመድ ግን አይበቃም። ስለዚህ ሰውየው ሲጠራ ዝግጁ የነበረው፣ ማንም ሊጠራው ቃል ሳይገባለት በየንጋቱ ሲሮጥ በመክረሙ ነው።

የፓሪሱ ጎዳና ከከተማው አዳራሽ ተነሥቶ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ፣ በኦሊምፒክ ታሪክ ከባድ ከሚባሉት ዳገታማ መንገዶች አንዱ ነበር። ታምራት ከግማሽ በኋላ ባለው ዳገት ተነጥሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የያዘው አልነበረም። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገባ። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በስድስት ሴኮንድ አሻሻለ። ሁለተኛ የወጣው የቤልጅጉ በሽር አብዲ 21 ሴኮንድ ዘግይቶ ደረሰ። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ባለ ድል የነበረው ኢሊዩድ ኪፕቾጌ በዚያው መንገድ ላይ አቋርጦ ወጣ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ ለወንዶቻችን 24 ዓመት ተዘግቶ የቆየው በር ተከፈተ። በመካከሉ ለወርቁ እጅግ የቀረበው የእኛው የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ ነበር፤ በ2016 ሪዮ ላይ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ በብር የገባው። ይህን ሁሉ ደምረን ውጤቱን «ዕድል» ብንለው ሒሳባችን አይዘጋም። ዕድል ስሙን ጠራው እንበል። ዕድል ግን ዳገቱን አልወጣለትም።

ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም፤ ከሮም ጀምሮ የወረስነው ነው። ስለ አበበ ቢቂላ ከልጅነታችን የሰማነው ተረክ ምን ይላል? መሄድ የነበረበት ታላቁ ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ ዋሚ ቀረ፤ አበበ በምትኩ ሄደ፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ዋሚ የቀረበትን ምክንያት የሚተርኩልን ሰዎች እንኳ አንድ ቃል የላቸውም፤ አንዱ ሕመም ይላል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ነው ይላል። ተረኩ የሚዘልለው ግን አንድ ነገር አለ። አበበ ወደ ሮም ከመሄዱ ጥቂት ሳምንታት በፊት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ የነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው፣ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነበር። አበበ ይህን ሰዓት ያሻሻለው አየር በሚሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን በእጁ የያዘውን ያውቅ ነበር። የማያውቀው ዓለም ነው።

ሮም ላይ ሩጫው የተካሄደው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 አመሻሹ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አበበ በችቦ ብርሃን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ሌላው አበበ፣ አበበ ዋቅጅራ፣ ሰባተኛ ወጣ። «በምትክ የሄደው ያልታወቀ ወታደር» የሚለው ተረክ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ይበድላል። አበበን ድንገተኛ ያደርገዋል። ዋሚን ደግሞ፣ ያን ሁሉ ዘመን የሮጠውን ሰው፣ «የቀረው» በሚል አንድ ቃል ይቀብረዋል። አበበ ራሱ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ተጎድቶ ሩጫው ግማሽ ሳይደርስ ሲወጣ ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣ። ማሞንም «ምትክ» እንበለው? እንዲህ ከሄድን በኢትዮጵያ የማራቶን ታሪክ ባለቤት የሚባል አይገኝም፤ ሁሉም የሌላው ምትክ ይሆናል።

ቃሉን ራሱን እንመርምረው፤ የዚህ ገጽ አንባቢ ቃል ይወዳልና። «ይጠብቃል» የሚለውን ጻፉና ሁለት ጊዜ አንብቡት። «ብ» ጠብቆ ሲነበብ ሰውየው ተቀምጦ ይጠባበቃል፣ ወይም አንድን ነገር ይጠብቃል፣ ዘብ ይቆማል። «ብ» ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ይጠነክራል፣ እንደ ገመድ ይከርራል። ፊደሉ አንድ ነው። ቅኔ ያወቀ ሰው ሰሙን ከወርቁ እዚህ ላይ ይለየዋል፤ ሰሙ መቀመጥ፣ ወርቁ መክረር ነው። «ተጠባባቂ»ን ትርፍ ሰው ያደረግነው ሰሙን ብቻ ስለ ሰማን ነው።

የምሠራው ባንክ ውስጥ ነውና ከዚያም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ባንክ ከተቀማጩ ገንዘብ የተወሰነውን መጠባበቂያ አድርጎ እንዲያኖር ብሔራዊ ባንክ ያዝዛል። ያ ገንዘብ ብድር ሆኖ አይወጣም፣ ወለድ አያመጣም፣ ማንም አያየውም። ሆኖም መጠባበቂያው «ትርፍራፊ ብር» ነው የሚል የባንክ ሰው አላጋጠመኝም። ከወትሮው የበዛ ደንበኛ በአንድ ቀን ገንዘቤን ስጡኝ ብሎ ቢመጣ ቤቱን ከሚደግፉት አንዱ እርሱ ነው። ለብር የሰጠነውን ክብር ለሰው ነፈግን።

እስከዚህ ድረስ የተሟገትሁት ከሻይ ቤቱ ሰው ጋር ነው። አሁን ወደ ሌላው፣ ይበልጥ ወደሚያሰጋኝ ተከራካሪ ልዙር። ይኸኛው የታምራትን ታሪክ ሰምቶ፣ «አያችሁ? የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል። እናንተም ተራችሁን ጠብቁ» የሚል ነው። ይህን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። በታምራት ድል የራሳቸውን መቀመጥ ይባርኩበታል። ይህንም አልቀበልም። ተዘጋጅተው፣ ከርረው፣ ሳይጠሩ የቀሩ ስንት ናቸው? ሲሳይ ባይጎዳ ኖሮ ታምራት ሩጫውን እንደ እኔ በቴሌቪዥን ያየው ነበር፤ ዝግጅቱ ግን ያው ነበር፤ አንዲት ንጋት እንኳ አትጎድልም ነበር። ስለዚህ ታሪኩ መጠበቅ እንደሚያዋጣ አያስተምርም። የሚያስተምረው መምረጥ እንደሚሳሳት፣ ሦስት ወንበር አራት ሰው እንደማይለካ ነው። ትዕግሥትን ለተቀመጠው እንጂ ለቆመው መስበክ ግፍ ነው።

ስለ ሲሳይ ለማም የምንለው ከ«ተጎዳ» የዘለለ መሆን አለበት። በ2023 ቫሌንሲያ ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ የሮጠ፣ በ2024 ሚያዝያ ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው። በ2021 በቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን ሳፖሮ ላይ አቋርጦ ወጥቷል። ፓሪስ ያን ቁስል የሚሽርበት ቀን ሊሆንለት ይችል ነበር። ሕመሙን ደብቆ መነሻው መስመር ላይ ቢቆምስ? እንዲህ ያለ ነገር በስፖርትም፣ በቢሮም፣ በመንበረ ሥልጣንም አይተናል። እርሱ ግን ቦታውን ለቀቀ። ታምራት ካሸነፈ በኋላ በስሙ ጠርቶ ያመሰገነው ይህን ስላወቀ ይመስለኛል። በሀገራችን መያዝን የሚያወድስ እንጂ መልቀቅን የሚያወድስ ግጥም እምብዛም አልተጻፈም።

ከዚህ ከአምቦ አጠገብ ከቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች እንደነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በተገኙበት እንደታየ ይነገራል። ርዕሱ የጥንቱን የሲራኩስ ታሪክ ያስታውሰኛል፤ ሞት የተፈረደበት ወዳጅ ቤተሰቡን ተሰናብቶ እስኪመለስ ሌላው በእርሱ ፈንታ ታስሮ የቆየበትን። በዚያ ታሪክ በሰው ቦታ የገባው ትንሹ ሰው አይደለም፤ ዋሱ ነው። በእኛም ቤት ዋስ የሚሆነን ሰው የምናከብረው ነው እንጂ «ዕድለኛ» የምንለው አይደለም። ይህችን ከተማ ሀገረ ሕይወት ብለው በሚጠሩበት ዘመን እዚህ አንድ ሕፃን ይህን ያወቀ ከሆነ፣ እኛ አዋቂዎቹ ልንዘነጋው አይገባም ነበር።

አሁን ራሴን ልክሰስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግጥም ምሽት ላይ ተጠባባቂ አንባቢ ነበርሁ። አዘጋጇ፣ «ወንድሜ፣ ሰው ከቀረ ታነባለህ» ብላኝ ነበር። ሦስት ምሽት ሄድሁ፤ ማንም አልቀረም። በልቤ ተቀየምሁ፤ ከኋላ ተቀምጬ በሚያነቡት ሁሉ ላይ ስሕተት ስለቅም አመሸሁ። በአራተኛው ምሽት አንድ ገጣሚ ቀረና ስሜ ተጠራ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ከሁለት ወር በፊት ጀምሬ የተውሁት ግማሽ ግጥም ነበር። እርሱን አነበብሁ። የጭብጨባውን ዓይነት አልረሳውም፤ ሰዎች ለጨዋነት ሲሉ የሚያጨበጭቡት ነው። ለሦስት ምሽት ጠብቄ ነበር፤ ብዬ ብዬ የጠበቅሁት «ብ»ን አጥብቄ ብቻ ነበር። በዚያ ሻይ ቤት ራሴን የነቀነቅሁት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። የታምራት ድል ዕድል ከሆነ የእኔም ውርደት ዕድል ይሆንልኛልና።

ስለዚህ የምለው ለሁለት ወገን ነው። መድረኩንና ገጹን ለያዛችሁ፦ ያልጠራችሁት ሰው ያነሰ ሰው ነው ብላችሁ አትመኑ፤ የደከማችሁ ቀንም እንደ ሲሳይ ልቀቁ። እንደ እኔ ከኋላ ለተቀመጣችሁ፦ ቅያሜያችሁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ቅያሜ በአራተኛው ምሽት አይነበብም። እኔ ከዚያ ወዲህ የተጠናቀቀ ግጥም በኪሴ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። እስከ ዛሬ ዳግም አልተጠራሁም።